ክሎርሄክሲዲን የአፍ መጉመጥመጫ፦ 14 ቀን ተጠቅሜ ያየሁት

ፍርዴን ላስቀድም። 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ያለው መጉመጥመጫ ሐኪም ካዘዘላችሁና ለአጭር ጊዜ ከሆነ ግዙት፣ ገንዘባችሁ አይቆጫችሁም። ለአፍ ጠረን ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ግን ተዉት። ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ይሄ ፈሳሽ ባክቴሪያን የሚመታው ምግብ በሚያስገባበት በሩና በጉልበቱ ላይ ነው፣ ሲመታ ደግሞ ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም።

አራት ኪሎ አካባቢ የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሕዋስ ሽፋን የሚለው ምዕራፍ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰምራለሁ፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይጠየቃል፣ ያልፋል። ያ ምዕራፍ ነፍስ የዘራልኝ ዘንድሮ ጥርሴን ከተነቀልኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራውም ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት ማግስት ነው። በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ባለችው መንጋጋዬ ዙሪያ ድዴ አበጠ። ሦስት ቀን ቅርንፉድ እየነከስኩ አለፍኩት። በአራተኛው ቀን አፌን መክፈት አቃተኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ተነቀለች። ሐኪሟ ስትጨርስ "ዛሬ ምንም ነገር እንዳትጉመጠመጪ፣ የረጋው ደም ከቦታው እንዳይነሳ። ከነገ ጀምሮ ይሄን ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሳምንት" ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ክሎርሄክሲዲን 0.2 በመቶ፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ደቂቃ።

አሁን ግዢው። መጀመሪያ የገባሁበት መድኃኒት ቤት ወረቀቱን እንኳ በደንብ አላዩትም። ሻጩ "ያው ነው እህቴ፣ እንዲያውም ይሄ ይሻላል፣ ጠረኑ አሪፍ ነው" ብሎ ሰማያዊ ጠርሙስ ሰጠኝ። ጉንጬ አብጦ ስለነበር አልተከራከርኩም። ቤት ደርሼ ጀርባውን ሳነብ ሜንታ አለ፣ ማጣፈጫ አለ፣ ቀለም አለ፣ ትንሽ አልኮል አለ። ክሎርሄክሲዲን የሚል ቃል የለም። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም "ያው ነው" የሚባለው ነገር ያው አልነበረም። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱን አዙራችሁ የመድኃኒቱን ስም ፈልጉ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ጀርምን ይገድላል የሚለው ቃል ምንም አይነግራችሁም።

በማግስቱ ፒያሳ ወጣሁ። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ፋርማሲስት ገና ወረቀቱን እንዳየች "0.2 ነው ያዘዘችልሽ፣ እኔ ጋ 0.12ም አለ፣ እንዳይምታታብሽ" አለችኝ። ልዩነቱን ጠየቅኳት፣ ሳትሰለች አስረዳችኝ። በ0.12 የሚሠራው 15 ሚሊ ሊትር ይታዘዛል፣ 18 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይሆናል። በ0.2 የሚሠራው 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ 20 ሚሊ ግራም። ስለዚህ ልኩ እስከተጠበቀ ድረስ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው የአንዱን በመቶ ይዞ በሌላው መጠን ሲጠቀም ነው። እሷ ጋ የተቀበልኩት መስተንግዶ ከዕቃው እኩል ምስጋና ይገባዋል።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፣ በተቀራረበ ቦታ ያሉ ሦስት ቤቶች ጠይቄ ሦስት የተለያየ ዋጋ ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ግን አስሉ። በቀን 20 ሚሊ ሊትር፣ በ14 ቀን 280 ነው። የኔ ጠርሙስ 150 ነበር። ሁለት ጠርሙስ ነው የሚያስፈልገው፣ ዋጋ ስትጠይቁ በሁለት አባዙት።

ከዚያ የመጀመሪያው ማታ። በክዳኑ ለክቼ አፌ ውስጥ ያዝኩት። መራራ ነው፣ ከኋላ የሚመጣ ሜንታ አለው፣ ቁስሉን ትንሽ ይነካል እንጂ አያቃጥልም። አንድ ደቂቃ ረጅም ነው፣ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ተፋሁት። በውኃ አልታጠብኩም፣ መታጠብ የለበትም። የዚህ መድኃኒት ትልቁ ጸጋ ከተፋችሁት በኋላ መቆየቱ ነው። ከፊሉ ጥርስ፣ ድድና የአፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ቀስ እያለ 12 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ ይለቀቃል። ለዚህ ነው ጠዋትና ማታ ብቻ የሚበቃው። ያ ሰማያዊው ግን አፍን ያቀዘቅዝና ከደቂቃዎች በኋላ በምራቅ ታጥቦ ይሄዳል።

ለምን ይለጠፋል? እዚህ ላይ ነው ትምህርቴ የመጣው። መጀመሪያ ግን ባክቴሪያው እንዴት እንደሚኖር ላስረዳ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይሄን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ውኃ በፈረቃ ሌሊት ይመጣል፣ ፓምፑ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋዋል፣ ቀን ላይ ከሮቶው በራሱ ክብደት ወርዶ ቧንቧውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ኦክስጅን ተጠቅሞ የሚኖር ባክቴሪያም እንደዚያ ነው የሚኖረው። ምግቡን አቃጥሎ በሚያገኘው ኃይል ፕሮቶን የሚባሉትን ፖዘቲቭ ቅንጣቶች በሽፋኑ በኩል ወደ ውጭ ይገፋል። ውጭ ይከማቻሉ። ተመልሰው ለመግባት ይጫናሉ። የሚገቡበት ዋናው መንገድ ሽፋኑ ላይ የተተከለ ትንሽ ወፍጮ ነው፣ እሱ ሲሽከረከር ኤቲፒ ይሠራል፣ ኤቲፒ ደግሞ ሕዋሱ ለሁሉ ነገር የሚከፍልበት ገንዘብ ነው። ሌሎቹ ፕሮቶኖች በጎን በሮች ሲገቡ ምግብ ይዘው ይገባሉ። ለምሳሌ ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የወተትን ስኳር የሚያስገባው እንዲህ ነው፣ አንድ ፕሮቶን ከአንድ ስኳር ጋር ተያይዞ። የባክቴሪያው መዋኛ ጅራት እንኳ የሚዞረው በዚሁ ግፊት ነው። ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር፣ በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ያለው የቮልት ልዩነት 0.15 አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል። ሽፋኑ ግን ከሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ እጅ የሳሳ ነው፣ ያ ልዩነት በዚያ ስስ ነገር ላይ መቆሙ የሚደንቅ ነው። ታዲያ ሮቶው ቢነደልስ? ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው።

የባክቴሪያ ገጽታ ወደ ኔጋቲቭ ያደላል። ክሎርሄክሲዲን ደግሞ በሁለት ጫፉ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ይሳባል፣ ይለጠፋል፣ ሽፋኑን ያዛባል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን መጀመሪያ የሚያመልጠው ፖታሲየም ነው፣ ሕዋሱ ውስጥ በብዛት አከማችቶ የሚይዘው ማዕድን። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የውስጡ ፈሳሽ ራሱ ይረጋል፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከኋላ ወንበር አንዱ "ቲቸር፣ ታዲያ የኛን ሕዋስስ?" አለኝ። ጎበዝ። የኛ ሕዋስ የውጭ ገጽታው እንደ ባክቴሪያው ኔጋቲቭ አይደለም፣ የኃይል ማምረቻውም ውስጥ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ተሸሽጓል። ግን ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው የሚተፋው፣ የማይዋጠው፣ ዓይን ውስጥ መግባት የሌለበት።

በኔ አፍ ውስጥ ያለው ዋናው ባለጉዳይ ግን ከኢ ኮላይ ይለያል። ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ይባላል፣ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1924 ከበሰበሰ ጥርስ ለይቶ ያወጣው ነው። ይሄኛው የሚኖረው ስኳር እያብላላ ነው። ስኳሩን የሚያስገባበት በር ብልህ ነው፤ ስኳሩ ገና ሲያልፍ ፎስፌት ይለጠፍበታል፣ ከዚያ መውጣት አይችልም። ስኳሩ ተብላልቶ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የጥርሱን ዙሪያ ፒኤች (አሲድ ሲበዛ ዝቅ የሚል መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲያወርደው ጥርሳችን መሟሟት ይጀምራል። ባክቴሪያው ራሱም በገዛ አሲዱ እንዳይሞት ያንን ወፍጮ ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ኤቲፒ እየከፈለ ፕሮቶን ወደ ውጭ ይገፋል። ማለትም ለሌላው ባክቴሪያ ገንዘብ የሚያመርተው ማሽን ለዚህኛው ገንዘብ የሚበላ የውኃ መቅጃ ፓምፕ ነው።

ክሎርሄክሲዲን ደግሞ ያንኑ የስኳር በር ይዘጋዋል። ባክቴሪያውን በማይገድል አነስተኛ መጠን እንኳ ስኳር እንዳያስገባና አሲድ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ይሄን ሳነብ ቁጭ አልኩ። ከአፌ ውስጥ ከሰዓታት በኋላ የሚቀረው ጭላጭ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያኔ ነው። መግደል ባይችል ያስርባል።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ የቆየ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎ እና ሺዮት የተባሉ ተመራማሪዎች ዴንማርክ ውስጥ ጥርስ መቦረሽ ላቆሙ ተማሪዎች በቀን ሁለቴ 10 ሚሊ ሊትር 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ሰጧቸው። ጥርሳቸው ላይ የሚጋገረው ለስላሳ ሽፋን አልተጋገረም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መጉመጥመጫዎች የሚመዘኑት በዚህ ነው። ዘመዶቹም የሚያስገርሙ ናቸው። የተገኘው በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ የወባ መድኃኒቱን ፕሮጓኒልን ካወጣው የምርምር መስመር። ለስኳር ሕመም የሚወሰደው ሜትፎርሚንም ከዚሁ ዘር ነው። እኛ አገር ለአራስ እትብት የሚቀባው ጄልም ይሄው ክሎርሄክሲዲን ነው፣ መጠኑ ግን በጣም ወፍራም ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም የለም።

ወደ ራሴ ልመለስ። በአራተኛው ቀን እብጠቱ ወርዶ ነበር፣ በስምንተኛው ቁስሉ ንጹሕ ነበር፣ የሚሸት ነገር የለም። ቁስሉ ላይ ብሩሽ ማስገባት በማልችልባቸው ቀናት አፌን የጠበቀልኝ እሱ ነው።

ችግሮቹን ግን ሳልሸፍን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጣዕም ነው። በሦስተኛው ቀን ሽሮ ሠራሁ፣ ጨው አነሰው ብዬ ጨመርኩ፣ እህቴ ቀምሳ "ምነው ጨው አበዛሽበት?" አለችኝ። ለኔ ግን አልጫ ነበር። ክሎርሄክሲዲን የጨውንና የመራራን ጣዕም ያደበዝዛል። ቡናም እንደዚያው፣ መዓዛው አለ፣ ምሬቱ የለም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራ ከሆነ ይሄን ልብ ይበል፣ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ሌላ ሰው ይቅመስለት።

ሁለተኛው ቀለም ነው፣ ይሄ ለኛ አገር ሰው ከባዱ ነው። ጥርስ ላይ የተለጠፈው ክሎርሄክሲዲን ከቡናና ከሻይ የሚመጡትን ቀለም ሰጪዎች ይይዛቸዋል። በአሥረኛው ቀን የታችኛው የፊት ጥርሶቼ መገናኛ ላይ ቡናማ መስመር ጀመረ። ፒያሳ ውስጥ በየአምስት እርምጃው ቡና እየሸተተ ለሁለት ሳምንት ተው ማለት ቀላል አይደለም፣ ጀበናው ቤት ውስጥ ሲፈላም እንደዚያው። እኔ ያደረግኩት ጠዋት ቡናዬን ቀድሜ ጠጥቼ፣ በውኃ አፌን አለቅልቄ፣ ቆይቼ መጉመጥመጥ ነው። ከተጉመጠመጥኩ በኋላ ግን እስከ ምሳ ቡናም ሻይም የለም። ቀለሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሚያጽናናው ላይ ላዩን መሆኑ ነው፣ ሐኪም ስትወለውለው ይለቃል። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጡ ተማሪዎች ጥርስ ላይ እንደምናየው ቡናማ አይደለም። ያኛው በልጅነት ከመጠጥ ውኃ በሚገባ ብዙ ፍሎራይድ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው፣ በመወልወል አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ።

ሦስተኛው ነገር ማንም ያልነገረኝ ነው፣ ለዚህ ብቻ ይሄን ጽሑፍ ብጽፍ ይበቃኝ ነበር። የጥርስ ሳሙና ተጠቅማችሁ ወዲያው አትጉመጥመጡ። ብዙዎቹ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት አለ። እሱ ኔጋቲቭ ነው። ክሎርሄክሲዲን ፖዘቲቭ ነው። ይያያዛሉ፣ ተያይዘው ይቀራሉ፣ ባክቴሪያው ጋ የሚደርስ መድኃኒት የለም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንዲሁ አባከንኩ። ከቦረሻችሁ በኋላ በደንብ ተለቅለቁና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ወይም ቡረሻውን በሌላ ሰዓት አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ፣ ሻጩ በቃል ቢናገር ምን ነበረበት? ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሁለት ሳምንት ተሰቃይቶ፣ ምንም አልረዳኝም ብሎ የሚሄደው በዚህች ግማሽ ሰዓት ነው።

ፍሎራይድን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱም የሚሠራው በጉልበት በኩል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ጥርስ ያጠነክራል ይባላል፣ ልክ ነው። ሌላም ሥራ አለው። ባክቴሪያው ዙሪያውን አሲድ ሲያደርገው ፍሎራይዱ ከፕሮቶን ጋር ይጣመርና በሽፋኑ ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ሲደርስ ይለያያሉ። ባክቴሪያው ኤቲፒ ከፍሎ ያስወጣው ፕሮቶን በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ፍሎራይዱ ደግሞ ኢኖሌዝ የሚባለውን ኤንዛይም ያሰናክላል፣ የዚያ ኤንዛይም ውጤት የስኳሩን በር የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ነው። ባክቴሪያው ብዙ አሲድ ባወጣ ቁጥር ብዙ ፍሎራይድ ይገባበታል። ስለዚህ ጥርስ ሳሙናችሁ ፍሎራይድ ይኑረው፣ ከቦረሻችሁ በኋላ ትፉት እንጂ ብዙ ውኃ አታፍሱበት። ክሎርሄክሲዲን በምትወስዱባቸው ቀናት ብቻ ነው መለቅለቁ።

ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለው ማስቲካም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ታክሲ ላይ ከሚዞሩት ልጆች የምንገዛው አብዛኛው ስኳር ያለበት ነው፣ ዛይሊቶል ያለውን ትልልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ወደድ ይላል። ሚውታንስ ዛይሊቶልን ስኳር መስሎት ያስገባዋል፣ ፎስፌት ይከፍልበታል፣ ከዚያ ሊበላው አይችልም። መልሶ ያስወጣዋል። እንደገና ያስገባዋል። ያለችውን ጉልበት በበሩ ላይ ይጨርሳታል።

እናቴ ስለዚህ ሁሉ ስነግራት "ታዲያ ጦስኝስ?" አለች። ጥርሴ ከተነቀለ ጀምሮ ጦስኝ እያፈላች ነው የምትልክልኝ። እማዬ ተሳስታ አይደለም። በኛ ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶች አሉ። ካርቫክሮል ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ፕሮቶን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ያሻግራል፣ ያም የሮቶው ቀዳዳ ነው። ታይሞል ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ በሚሠሩ አንዳንድ መጉመጥመጫዎች ውስጥ አለ። ያን ሰሞን የነከስኩት ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጀኖልም ሽፋን ያውካል፣ ደግሞም ያደነዝዛል፣ ሕመሙ የቀነሰልኝ ለዚያ ነው። ነገር ግን ሻይ ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ነው፣ ተጠጥቶ ይወርዳል፣ አይለጠፍም። ስለዚህ የእማዬን ጦስኝ ለብ አድርጌ ጠጣሁ፣ የሐኪሟንም ትእዛዝ ጠበቅኩ። ለብ ያለ ጨው ውኃም ቁስሉን አጥቦ ያሳርፋል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ። ከዚህ የበለጠ ውጤት ግን አትጠብቁበት።

እዚህ ላይ ከጥርስ ወጣ ልበል። በአገራችን ብዙ ቤት ያንኳኳው ሳንባ ነቀርሳ ብዙ መድኃኒት ሲለምድ ከሚታዘዙት አንዱ ቤዳኩሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ይህ መድኃኒት የሚመታው ያንን ወፍጮ ራሱን ነው፣ የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ ኤቲፒ የሚሠራበትን። ክፍል ውስጥ የምናስተምረው ሥዕል ሰው የሚያድን መሆኑን ተማሪዎቼ እንዲያውቁ ስለምፈልግ ነው ያነሳሁት። ክሎርሄክሲዲን ግን ሳንባ ነቀርሳን አይገድልም፣ የባክቴሪያ ስፖርንም (ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የተኛውን) አይገድልም። ሁሉን ይገድላል የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

አሁን ለምን በየቀኑ አትጠቀሙበት እንዳልኩ። አፋችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ጠላት አይደሉም። ከጎመንና ከሰላጣ የምናገኘውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት የሚቀይሩልን እነሱ ናቸው፣ እሱም ሰውነት ውስጥ የደም ሥርን የሚያላላ ነገር ይሆናል። ክሎርሄክሲዲን እነሱንም ያጠፋል፣ ደም ግፊት ትንሽ ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል። ለሁለት ሳምንት ብዙ አያሳስብም። ለሁለት ዓመት ያሳስባል። ጥርስ ላይ የሚደርቀው ታርታርም ይጨምራል።

ሌላው ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ዝም ብለው አይሞቱም። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ፣ ቄኤሲኤ የተባለ ዘረመል አላቸው። ሽፋናቸው ላይ ፓምፕ ይሠራላቸዋል፣ ክሎርሄክሲዲኑን ወደ ውጭ ይገፋል። ፓምፑ የሚሠራው በምን ይመስላችኋል? በዚያው በፕሮቶኑ ግፊት። መጠኑ በቂ ሆኖ ሽፋኑ ቶሎ ከተበሳሳ ፓምፑም ጉልበት ያጣል። በውኃ አቅጥናችሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ይዛችሁ፣ አንድ ቀን እያደረጋችሁ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ከተጠቀማችሁ ግን ፓምፑ እንዲያሸንፍ ጊዜ ሰጣችሁት ማለት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲበረክትላት በውኃ እያቀጠነች ስትጠቀም ነበር። ስነግራት ደነገጠች። ቁጠባው ገብቶኛል፣ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል፣ ግን እንደዚያ ከሆነ ባይገዛ ይሻላል፣ እውነቴን ነው።

ጥቂት ሰዎች ላይ አለርጂ ያመጣል፣ አልፎ አልፎም ከባድ። ፊት ቢያብጥ፣ ቢያሳክክ፣ መተንፈስ ቢከብድ ወዲያው ማቆምና ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ተጉመጥምጦ መትፋት ለማይችል ትንሽ ልጅ አትስጡ።

ለዕቃው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለጣዕሙና ለቀለሙ አይደለም፣ እነሱ የመድኃኒቱ ጠባይ ናቸው። የቀነስኩት ውስጡ ያለው ወረቀት ስለ ጥርስ ሳሙናው አንድ መስመር ስለሌለው ነው። ለፒያሳዋ ፋርማሲስት ሙሉ አምስት።

ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ቀርቶ ነበር፣ ደፋሁት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ቡና አፈላች፣ የመጀመሪያውን ስኒ ስቀምስ ምሬቱ ተመልሷል። የታችኛው ጥርሴ ላይ ያለውን ቡናማ መስመር የሚያስለቅቅ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይዣለሁ።